ምንም ያልጎደለበት ቤት

ድልነሳ ደሴ ውስጥ አስተማሪ ነው። ታክሲ አይሳፈርም፤ ትምህርት ቤት በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለሳል። ቤት ውስጥ ልጆቹ መብራት ሳያጠፉ ከክፍል ከወጡ ተከትሏቸው ያጠፋል። ወጥ ላይ ዘይት የሚጨመረው እሱ በመረጠው ትንሽ ማንኪያ ነው። ታዲያ ቤቱ ጎድሎ አያውቅም። አምስት ሊትሩ ዘይት ሦስት ወር ይቆያል፤ ልጆቹም ደብተር አጥተው አያውቁም። ባለቤቱ እታገኝ አንድም ቀን «የአስቤዛው አልበቃኝም፣ ጨምርልኝ» ብላው አታውቅም።

አንድ ቀን የሥራ ባልደረባው ፍስሐ ምሳ ልጋብዝህ አለው። ከኪሱ የሚወጣ ነገር ስለሌለ ደስ ብሎት አብሮት ወደ አንድ ምግብ ቤት ሄደ። ምግቡ እስኪመጣም ምክሩን ለፍስሐ ያወርድለት ጀመር።

«ደሞዝ አነሰ እያላችሁ የምታለቅሱት አያያዝ ስለማታውቁ ነው» አለው። «የእኔን ቤት አታይም? ሦስት ልጅ፣ አንድ ደሞዝ፣ ብድር የሚባል ነገር የለም!»

«ሚስትህስ አታማርርም?»

«ምን ጎድሎባት!» አለና ሳቀ።

ይሄኔ ሽርጥ የታጠቀች ሴት የሚጨስ ጥብስ ይዛ ከማድቤት ወጣች። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ድልነሳ ቀና ብሎ አያት። እታገኝ ናት።

ፍስሐ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ያያል። እታገኝ ትንሽ ደነገጠች፤ ወዲያው ግን እንጀራውን ወደ ባሏ ጠጋ አደረገችለት።

«ብላ እንጂ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለችው። «ለሠራተኛ ቤተሰብ በግማሽ ዋጋ ነው።»