ዓይን የተሰራለት የአበባ ማስቀመጫ

ከውሰር ከጓደኛዋ ጋር ካላክላ ሰፈር በተከራዩት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ በኪሮሽ ትንሽዬ የአበባ ማስቀመጫ ሰራች። ከላይ አረንጓዴ የክር ቅጠሎች ተከለችበት፤ ከፊት ለፊቱ ደግሞ የወንድሟን የዛኪርን ሰፊ ፈገግታ አወጣችለት። ዛኪር በጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ፣ ቂያዳው በር ላይ ተቀምጠው ለሚቃወሙት ወጣቶች ውሃ ልሽጥ ብሎ እንደወጣ ነው። ተኩስ ተሰምቶ ኔትወርኩ ከተቋረጠ ወዲህ የት እንዳለ የነገራት ሰው የለም።

«ዓይን እንዳትሰሪለት» አለቻት አብራት የምትኖረው ሉጥፊያ። «ነገ አላህ ፊት፣ በይ ነፍስ ዝሪበት ትባያለሽ።»

«ዓይን የሌለው ዛኪር ምኑን ዛኪር ሆነ?» አለችና በጥቁር ክር ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሰራችለት።

ሱቅ ደርሳ ስትመለስ ዓይኖቹ ተከድነዋል። ጥቁሩ ክር እንደተኛ ሰው ሽፋሽፍት ወደ ታች ጎብጧል።

«ሉጥፊያ፣ በዚህ ይቀለዳል እንዴ?»

«ወላሂ አልነካሁትም! ልብስ እያጠብኩ አይደል? ይኸው እጄ፣ አረፋ በአረፋ ነው።»

ከውሰር ክሩን ፈትታ ዓይኖቹን እንደገና ገልጣ ሰራች፤ ቋጠሮውንም ደጋግማ አጠበቀችው። ከዚያ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትክ ብላ አየችው።

የቀኙ ክር ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ስትገፋው ግራው ወረደ። ሁለቱንም በጣቶቿ ደግፋ ያዘቻቸው፤ ክሩ ግን በጣቶቿ መሃል እየሾለከ ወረደ።

ሉጥፊያ በሩ ላይ እንደቆመች ሰው ሲሞት የሚባለውን ቃል ጀመረች። «ኢና ሊላሂ ወኢና...»

«አትጨርሺው!» አለች ከውሰር። «በእናትሽ፣ አትጨርሺው።»