ጨው የገባበት ሻይ

ሐኪሞች ሐራራን ከአእምሮ ነቅለው ማውጣት ከቻሉ ወዲህ ጫት መተው ቀላል ሆኗል፤ ችግሩ የምላስ ጣዕምም አብሮ መሄዱ ነው። በዚህ ተማርረው ወደ ጫቱ የተመለሱ ብዙ ናቸው። የድሬዳዋው ነቢል ግን ምላሱ ጣዕም ሳይለይ ሁለት ዓመት ጸንቷል።

ከልጅነቱ ጀምሮ ሐሳቡ አንድ ቦታ አያርፍለትም፤ ዛሬም ቧንቧ እየጠገነ ሻይ አፈላና ስኳር መስሎት ጨው ጨመረ። ሚስቱ ሰሚራ ቀምሳ፣ እንዳይከፋው እንደ ወትሮዋ ዝም አለች።

ነቢልም ፉት ሲል ዓይኑ ፈጠጠ።

«ሰሚራ! ይሄ ጨው ነው እንዴ?»

ብርጭቆው ከእጇ ሊወድቅ ነበር። «ታወቀህ?»

«እንዴት አይታወቀኝም! ይሄን ጉድ እንዴት ዝም ብለሽ ትጠጫለሽ?»

«ለምጄው ነዋ! ከረመዳን ወዲህ ስንቴ ጨው እንዳጠጣኸኝ!»

ነቢል ሳቅ እያፈነው ብርጭቆውን ጨልጦ ዘረጋላት።

«በይ ከዚያው ድገሚኝ!»