የእግረኛ መንገዱን የዘጋው መኪና

የዓይነ ስውሩ መምህር በትር ባዶ መሆን በነበረበት የእግረኛ መንገድ ላይ ብረት ነካ። መምህሩ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። ከግንቡ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ መንገዱን ዘግቶ የቆመ መኪና ነበር። ደሙ ፈላ። በትሩን አንስቶ የመኪናውን ጣሪያ ሁለት ጊዜ ደበደበው።

«ኧረ አባባ፣ ቀለሙን ይልጡታል» አለ ሾፌሩ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ። «ባለቤቴ ከመድኃኒት ቤቱ እስክትወጣ ነው፤ ሁለት ደቂቃ። በአስፋልቱ ዞር ብለው ይለፉ።»

«አልዞርም። አስፋልቱ የመኪና ነው፤ ይሄ የኔ ነው።»

«እሺ፣ ወርጄ ላሻግርዎት።»

ሾፌሩ ሲወርድ መምህሩ ክንዱን አፈፍ አድርጎ ያዘና በትሩን አስጨበጠው። «እኔን ተወኝ። ዓይንህን ጨፍንና መጀመሪያ አንተ ዙር» አለው።

ሾፌሩ ሳቀ። ነገሩን በቶሎ ለመገላገል ብሎ ወደ አስፋልቱ ወረደ፤ መምህሩም እርምጃውን አዳመጠ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ድንገት የአውቶቡስ ክላክስ አንባረቀ፤ ነፋሱ የመምህሩን ኮት ገለበው። በትሩ አስፋልቱ ላይ ሲወድቅ ተሰማ፤ ሾፌሩም ተንደርድሮ ተመልሶ የመምህሩን እጅጌ ጨምድዶ ያዘ። ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር።

«ጨፍነህ ነበር?»

«አዎ... ጨፍኜ ነበር።»

«እኔ ሁልጊዜም እንደዚያው ነኝ» አለ መምህሩ። ንዴቱ አልበረደለትም። እጅጌውን መንጭቆ አስለቀቀ። «በትሬን አምጣ። ከዚያ መኪናህን አንሳ።»

ሾፌሩ በትሩን አምጥቶ አቀበለው። ሞተሩ ተነሳ። መምህሩ አራቱም ጎማ ከእግረኛ መንገዱ መውረዱን እስኪሰማ ድረስ ከቆመበት አልተነቃነቀም።