አምፓሮ ከሌላ ሰው ጋር ስትደንስ

እጁ ጀርባዋ ላይ ነው። ከወገቧ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እኔ በማሳርፍበት ቦታ።

አደባባዩ ዳር የብረት ወንበር ላይ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። ከዘራዬ በጉልበቶቼ መካከል ቆሟል። ቅዳሜ ነው፤ ፀሐይ ገና መጥለቋ ነው። የከተማችን የቬራክሩዝ ሙዚቀኞች ነጭ በነጭ ለብሰው ዳንሶን የሚባለውን የጥንድ ዳንስ ሙዚቃ ይጫወታሉ። ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ወዲህ ከቤት ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። እንደምመጣ ለአምፓሮ አልነገርኳትም። ድንገት ስታየኝ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እስካሁን አላየችኝም።

«ማነው ሰውዬው?» እለዋለሁ ኒካኖርን። ወደብ ላይ አብሮኝ ሠርቶ፣ አብሮኝ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል።

«ዶን ፊደንሲዮ ይባላል። ከሐላፓ ከተማ የመጣ ነው። ጥርስ ሐኪም ነበር አሉ።»

«ጫማውን አየኸው?»

«አየሁት። ነጭና ጥቁር። ያምራል።»

«የሰርከስ ጫማ ነው።»

«ተው እንጂ ኤሌውቴሪዮ! አንተ ጉልበትህን ታቅፈህ ስትተኛ እሷ የመብራት ምሰሶ ታቅፋ ትደንስልህ?»



ሚስቴ ቻቤላ የሞተች ጊዜ መስኮቱን ዘግቼ ተቀምጬ ነበር። ሐኪሙ ክኒን ሰጠኝ፤ ቄሱ ጸሎት። አምፓሮ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏን ከእኔ ቀድማ የቀበረች። አንድ ቀን በሬን ደብድባ፣ «ሸሚዝህን ቀይርና ውጣ» አለችኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ቅዳሜ ጢሜን የምላጨው ለዚህ አደባባይ ነው። ይህን ሰውዬ ከመረጠች ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ቤቴ ውስጥ የቻቤላ ወንበር ፊት ለፊቴ አለ።

የመግቢያው ዜማ ይመለሳል። በዳንሶን ይህ ዜማ በተመለሰ ቁጥር ሁሉም ይቆማል። ጥንዶቹ ተላቀው ፊታቸውን ወደ ሙዚቀኞቹ ያዞራሉ። ሴቶቹ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። ዜማው እስኪያልቅ እግር አይነቃነቅም፤ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም እኩል ይነሣል። የቀደመ ወይም የዘገየ ሰው ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ ነው።

አምፓሮ ቀዩን ማራገቢያ ትዘረጋለች። ራሷን ታራግባለች። ቀጥላ እሱን።

እኔ የገዛሁላት ማራገቢያ ነው።

ሰውዬው ዓይኑን ከድኖ ነፋሱን ይቀበላል። ይሳሳት፣ እላለሁ በልቤ። አምላኬ ሆይ፣ እግሩን አሳስተው። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጸሎት።

«ቀናህ እንዴ?» ይላል ኒካኖር።

«ማን? እኔ?»

«ጆሮህ ቀልቷል።»

«ሙቀቱ ነው።»

«ቻቤላ ከሞተች ወዲህ እኮ ቤትህ ቢቃጠል ዞር ብለህ የምታይ ሰው አልነበርክም። በል እንግዲህ፣ ድነሃል ማለት ነው። እንኳን እግዜር ማረህ!»

«ኦቾሎኒህን ብላ።»

ይስቃል። እኔ ዓይኔን ከነጭና ጥቁሩ ጫማ ላይ አላነሣም።

ዜማው ያልቃል። አደባባዩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ፊደንሲዮ አልተሳሳተም። ግራ እግሩ በሰዓቱ ወደ ፊት ይመጣል። ወደ ኋላ መሄድ የነበረበት የአምፓሮ ቀኝ እግር ግን ካለበት አልተነሣም። ጫማው ጫማዋ ላይ ያርፋል።

«ውይ!» ስትል እዚህ ድረስ ይሰማል። አጠገባቸው ያለች ሴት አፏን በማራገቢያዋ ትሸፍናለች።

«ምነው ዶኛ አምፓሮ? ጎዳሁዎት?»

«የለም፣ የለም። የእኔ ጥፋት ነው።»

እግሯን ትመለከታለች። የሌላ ሰው እግር የምታይ ይመስላል።

ኒካኖር መፈልፈሉን ያቆማል። «አምፓሮ ዘገየች? እኛን ሁሉ ያስተማረች ሴት?»

ግራ ጉልበቴ ወደብ ላይ የቡና ጆንያ ወድቆበት የተበላሸ ነው፤ ሙዚቃው ሲጠራው ቶሎ አይነሣም። በመጀመሪያዎቹ ወራት አምፓሮ ጆሮዬ ሥር ትቆጣኝ ነበር፤ «ሙዚቃው ጥሎህ ሄደ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!» ትለኝ ነበር። በኋላ ቁጣውን ተወችው። እግራችንም መጋጨት ተወ። ተስፋ የቆረጠችብኝ መስሎኝ ነበር።

የመግቢያው ዜማ እንደገና ይመለሳል። ይቆማሉ። ይዞራሉ። አሁን አምፓሮ ማንንም አታራግብም። ማራገቢያውን አጣጥፋ ነጭ ጫማዋ ላይ የቀረውን ጥቁር ጭረት ታያለች። ፊደንሲዮ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይነግራታል። ራሷን ትነቀንቃለች፤ ገብቶኛል ማለቷ ነው።

እኔ እሱን ትቼ የእሷን እግር አያለሁ።

ዜማው አልቆ የክላርኔቱ ድምፅ ይነሣል። የሰዉ እግር ሁሉ ይነሣል። ነጭና ጥቁሩ ጫማ ወደ ፊት ሊመጣ ብሎ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የእሷ ቀኝ እግር ድንጋዩ ላይ እንደተተከለ ነው።

ከወንበሩ ሥር ግራ እግሬ፣ እንደ ልማዱ ዘግይቶ፣ ወደ ፊት ይንሸራተታል።

የአምፓሮ እግር ያኔ፣ ከእኔ ጋር እኩል፣ ወደ ኋላ ይሄዳል።