መሣሪያው የማያየው ጭቃ

ቤታችን ባሕሩ ላይ በአራት የብረት እግር ቆሟል። ከእግሮቹ ሥር ያለውን አሸዋ የሚለካ መሣሪያ አለ። አረንጓዴ መብራት እስካበራ ድረስ ለቆ መውጣት አይፈቀድም፤ የወጣ ሰው ቤቱን ይነጠቃል። የእኛ የነዋሪዎቹ ስጋት እንደ ምክንያት አይቆጠርም።

ከሰሞኑ ማዕበል ወዲህ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ዛሬ ጠዋት የሰባት ዓመት የልጅ ልጄን ትሕትናን ከነፍራሿ አውጥቼ ቤቶቹን ከየብስ የሚያገናኘው ድልድይ ላይ አስቀመጥኳት። ተቆጣጣሪው ዘካርያስ እየሮጠ መጣ።

«እማማ አጸደ፣ ይግቡ እንጂ! መሣሪያው ማዕበሉ ከእግሮቹ ሥር የቆፈረው ጉድጓድ ሞልቷል ይላል።»

«ሞልቷል፣ ልጄ። በምን እንደሞላ ግን አልነገረህም።»

የብረት ዘነዘናዬን በገመድ አስሬ ሰጠሁት፤ ከእግሮቹ አጠገብ ወደ ውሃው ለቀቀው። መሣሪያው አሸዋ አለ በሚልበት ጥልቀት ልክ ገመዱ ላይ ቀይ ክር ቋጥሬያለሁ። ዘነዘናው አሸዋ ቢነካ ኖሮ ክሩ እጁ ላይ ይቆም ነበር። ክሩ ግን ከእጁ አልፎ ሁለት ክንድ ወረደ። ማዕበሉ አሸዋውን ጠርጎ ቦታውን በአጥሚት በመሰለ ጭቃ ሞልቶታል።

ዘካርያስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መብራቱ እኮ አረንጓዴ ነው።»

«እንግዲያውስ ልጆችህን አምጣና ዛሬ እዚህ አስተኛቸው። ፍራሹን እኔ አነጥፍላቸዋለሁ።»

ዘነዘናውን ስቦ አወጣ። «ቤቱን ይወስዱብዎታል» አለኝ።

«ይውሰዱት። ባዶውን ነው የሚያገኙት።»

የትሕትናን እጅ ይዤ የጎረቤቶቼን በር ላንኳኳ ሄድኩ።