እርስዎ ይቅደሙ

በዓለም የአየር ንብረት ድርድር ላይ እያንዳንዱ አገር ካለበት ሆኖ በስክሪን፣ በራሱ መብራት ይናገር ከተባለ ወዲህ፣ ስንዱ ተራዋ ሲደርስ መጀመሪያ የምታየው ባትሪዋን ነው። ድሬዳዋ ላይ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ያላት ከጣሪያዋ የፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪ ብቻ ነው፤ እሱም ሊያልቅ ምንም አልቀረው። አገሯን ወክላ ለመናገር ስትል ማቀዝቀዣውን ነቀለችው። የእናቷን የስኳር መድኃኒት፣ ኢንሱሊኑን፣ ሙቀት እንዳያበላሸው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ማሰሮ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ቶሎ በይ ልጄ፣ ሙቀቱ አይቻልም» አሉ እናቷ ከአልጋቸው።

ሰብሳቢው «ኢትዮጵያና ደሴቲቱ ቀርታችኋል፤ ማን ይቅደም?» አለ። ደሴቲቱ ባሕር እየዋጣት ያለች ትንሽ አገር ናት፤ ተወካይዋ የሸበቱ ሽማግሌ ናቸው። ባሕሩ ሳሎናቸው ገብቶ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው በስክሪኑ ይታያሉ።

«አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለች ስንዱ ሳታስበው። ሽማግሌ ቀድማ ተናግራ አታውቅም።

«የለም ልጄ፣ አንቺ ቅደሚ» አሉ በአስተርጓሚው በኩል።

«ኧረ በሞቴ!»

«አይሆንም፣ ልጄ።»

ሰብሳቢው አላቋረጣቸውም፤ የእሱ አዳራሽ መብራት ቦግ ብሎ በርቷል። መጀመሪያ የሽማግሌው ባትሪ አልቆ ምስላቸው ጠፋ። ስንዱ ደንግጣ «ክቡር ሰብሳቢ፣ እኛ...» ስትል የእሷም ስክሪን ጨለመ።

«ሰሙሽ ወይ፣ ልጄ?» አሉ እናቷ።

ስንዱ እጇን ማሰሮው ውስጥ ሰደደች። የኢንሱሊኑ ብልቃጥ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል።