የግራጫው ጭልፊት ልጅ

በሜክሲኮ ከተማ የትግል አዳራሾች ውስጥ ኤቫሪስቶ ሞንቲኤልን በስሙ የሚያውቀው አልነበረም። የሚያውቁት ጭምብሉን ነው። አስተዋዋቂው «የግራጫው ጭልፊት ልጅ!» ሲል አዳራሹ ብድግ ይላል፤ ግማሹ ታዲያ ወዲያው «ምነው አባትህን በሆንክ!» ብሎ ይጮህበታል።

ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረ። ሲያሸንፍ የአባቱ ደም ነው፤ ሲሸነፍ ጥፋቱ የራሱ።

ግራጫው ጭልፊት አጠር ያለ፣ ከመድረኩ ገመድ ላይ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ የሚወረወር ትግለኛ ነበር። ለጋዜጠኛ አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም። ጭምብሉንም ማንም ሳይገፍፈው ከመድረክ ወረደ። የሰፈሩ ሰው ግን ማን እንደሆነ በሹክሹክታ ያውቃል፤ የኤቫሪስቶ አባት፣ የትግለኞች ልብስ ሰፊው ዶን ፌርሚን ነው። ዶን ፌርሚን ሲጠየቅ ይስቅና «ጭልፊት የወጣው ከዚህ ቤት ነው» ብሎ ወደ ስፌቱ ይመለሳል። ኤቫሪስቶ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ጭምብሉን እጁ ላይ አኖረለት።

እናቱ ዶኛ ኤውላሊያ ለግጥሚያው መጥታ አታውቅም። እሱ እስከሚያውቀው አዳራሽ የሄደችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሴቶች ከሠላሳ ዓመት እገዳ በኋላ እንደገና እንዲታገሉ የተፈቀደላቸው ሰሞን፣ የመክፈቻውን ግጥሚያ አይታ ተመለሰች። እሱ ጉልበቱ አብጦ ሲገባ ግን ገና ሳይናገር «ቀኝ እግርህን አስቀድመህ ታሳርፋለህ» ትለዋለች። ከባሏ የለቀመችው ነው ብሎ ያልፈዋል።

በክረምቱ ዶን ፌርሚን ሳንባው ታሞ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ፣ «የከዳው ሳንባው ነው እንጂ አጥንቱማ!» አለ። «በዚህ ዕድሜው አንድ ስብራት የለበትም።»

ኤቫሪስቶ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለ። ባላንጣው ቀዩ ጊንጥ የጭልፊትን ግራ ትከሻ ሕዝብ ፊት የሰበረበት ምሽት ፎቶ በየፀጉር ቤቱ ተሰቅሏል።

አባቱ በሦስተኛው ቀን፣ ሳይነቃ፣ አረፈ።

ከዚያ ወዲያ ኤቫሪስቶን እንቅልፍ ጠላው። ቁጭ ሲል ይነሳል፣ ሲነሳ መሄጃ ያጣል። አንድ ቀን እናቱ ከደረቷ ዝቅ ብሎ በተወጠረው ገመድ ላይ ልብስ ስታሰጣ ደረሰባት።

«እማዬ፣ አባዬ ትከሻው ተሰብሮ ያውቃል?»

«የሙት አጥንት አትቁጠር፣ ልጄ።»

«ጭልፊት እሱ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ስሙን ተሸክመሃል፤ አጥብቀህ ተሸከመው።» ሳፋውን አንስታ ገባች።

የቆዩ ጋዜጦች ማገላበጥ ጀመረ። ጭልፊት ስሙ በገነነበት ወቅት ለአሥራ አራት ወር ደብዛው ጠፍቷል። «ጃፓን ሄዷል» ይላል አንዱ ጋዜጣ፤ ሌላው «ሞቷል» ይላል። ኤቫሪስቶ ወራቱን በጣቱ ቆጠረ። እሱ ራሱ የተወለደው እዚያው መሃል ነው።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገጣጠመለት። ጭምብል ሊያሰፋ የሚመላለስ አንድ ትግለኛ፣ የልብስ ሰፊው ወጣት ሚስት፣ ሆዷ ሲገፋ እግሬ አውጪኝ ያለ ወንድ። ገበናውን ሸፍኖ ልጁን ያሳደገ ደግ ሰው፣ ፌርሚን። ስድስት ዓመት ፊቱ ላይ ያጠለቀው የፈርጣጭ ጭምብል ነበር።

እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጭምብል ለጭምብል ሊጋጠም ቀጠሮ ነበረው፤ የተሸነፈ ፊቱን ለሕዝብ ያሳያል። ማስታወቂያው በየግድግዳው ተለጥፏል። ኤቫሪስቶ ያን ፈርጣጭ ሳያገኝ ላይታገል ምሎ፣ ጠዋት ወደ ገበያው ዳር ሄደ። የድሮው ቀይ ጊንጥ፣ ዶን ክሪሳንቶ፣ እዚያ ጫማ ይጠግናል።

«ዶን ክሪሳንቶ፣ አባቴ ጭልፊት አልነበረም። እርስዎ ያውቃሉ።»

ሽማግሌው መዶሻውን አስቀመጠ። «ትከሻውን ስሰብረው ጮኸ። ከስንት ዓመት ግጥሚያ በኋላ ድምፁን የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ያኔ አወቅሁት። እንዳልናገርም እዚያው መሬት ላይ ተኝተን አስማለኝ።»

«በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«የት?»

«ምን ልታደርገው?»

«አፉን ልሰብረው።»

ዶን ክሪሳንቶ እስኪያስለው ሳቀ። «እኔ አሥር ዓመት ሞክሬ አቅቶኛል! ና፣ እግር አለኝ፤ የማልኩት በአፌ ነው።»

ሽማግሌው እያነከሰ ፊት ፊት ሄደ። ኤቫሪስቶ እየቀደመው ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይቀድማል። ሁለት አደባባይ አልፈው በዳቦ ቤቱ በኩል ሲታጠፉ ኤቫሪስቶ ክንዱን ያዘው።

«ይሄ እኮ የኛ ሰፈር ነው!»

«መንገዱን አትንገረኝ።»

እዚሁ ነበር ማለት ነው። ሲያድግ እያየው። በር ላይ የተቀመጠውን ወንድ ሁሉ ትከሻ ትከሻውን አየ፤ ሥጋ ሻጩን፣ ቁልፍ ሠሪውን፣ ጥግ ላይ ጋዜጣ የሚያነበውን አዛውንት። ሁሉም «ዛሬ እንዳታሳፍረን!» አሉት።

ዶን ክሪሳንቶ ቆመ።

«እዚህ ምን እንሠራለን?» አለ ኤቫሪስቶ። «ይሄ ቤቴ ነው። እናቴን ሊጠይቁልኝ ነው? እሷ እንደሆነች አትናገርም!»

ሽማግሌው ሁለቴ አንኳኳ። ዶኛ ኤውላሊያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከፈተች፤ አንዴ ልጇን፣ አንዴ እንግዳውን አየችና በሩን እንደያዘች ቀረች።

ዶን ክሪሳንቶ ባርኔጣውን አወለቀ፣ አንገቱንም ዝቅ አደረገ።

«ትከሻሽ እንዴት ነው፣ ጭልፊት?»